ጨርቁ እስኪዞር

ጥቅምት 9 ቀን

ለተከበሩ የልጄ ባለቤት፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? እህል ይቀምሳሉ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ደህና ነኝ የምለው ሰው እንደሚለው ነው፤ ደብዳቤ በሌላ ቃል አይጀመርምና።

ይህችን ወረቀት ለመጨረስ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ኖርኩ እንጂ እስክሪብቶ የምይዘው ለልጄ መልስ ለመጻፍ ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ ፊደል ብገድፍም ታውቅልኛለች። እርስዎ ስምዎ በጋዜጣ የሚወጣ ሰው ነዎት። ስሕተት ካዩ አይተው ይለፉት።

በዓይኔ ያየሁዎት አንድ ጊዜ ነው፤ ከተጋባችሁ በኋላ መጥታችሁ ዘጠኝ ቀን የሰነበታችሁ ጊዜ። ያስታውሱ እንደሆነ፣ ገና ከመግባትዎ የተቀመጡት ወንበር ላይ ሳይሆን ተኩሼ በደረደርኳቸው ዩኒፎርሞች ላይ ነበር። ልጄ በሳቅ ፍርስ አለች። «እማ፣ ባሌ ሁሉን ያያል፤ የሚቀመጥበትን ብቻ አያይም» አለችኝ። እርስዎ ደንግጠው ብድግ አሉ፤ እኔም አፍሬ «ግድ የለም ይቀመጡ፣ እንደገና እተኩሰዋለሁ» አልኩዎት። ሳስብዎት ሁልጊዜ የሚታዩኝ እንደዚያ ቆመው ነው፤ የካፖርትዎ ክርን ተቀዶ፣ ቀለም ነክቶት።

እኔ ክርዬ ነው የምላት። ስትወለድ ቀጭን ስለነበረች ነው። ነግራዎት ይሆናል።

እንግዲህ ካረፈች አምስት ወር ሆነ። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። አልወቅስዎትም፤ መንገዱ ሩቅ ነው። የጻፍኩት አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። ቫዮሊኗን ይላኩልኝ። ያ ቫዮሊን መጀመሪያ የመምህሯ ነበር፤ በአሥራ አራት ዓመቷ ከገዛ ትከሻው አውርዶ ሰጣት። መምህሩ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ነው። ልብሷን ለፈለጉት ይስጡት። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ፈጣሪ ያጽናዎ። ለእኔም ለእርስዎም ብርታቱን ይዘዝልን።

የክርዬ እናት


ኅዳር 24 ቀን

ለውድ እናታችን፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ እሠራለሁ።

እባክዎ «እርስዎ» አይበሉኝ። ልጅዎ ነኝ።

ከዚህ ጋር አንድ መጽሐፍ ልኬልዎታለሁ። እሷን የሣልኩባቸው ሥዕሎች በሙሉ፣ አርባ አንዱም፣ በአንድ ላይ ሲታተሙ ይህ የመጀመሪያው ነው። በሚያዝያ ደግሞ እዚህ ባለው ትልቁ የሥዕል አዳራሽ ለእሷ መታሰቢያ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። ሥዕሎቹን የሚያይ ሁሉ ያደንቃታል። ዓለም ያውቃታል ማለት ይቻላል። ይህ ትንሽ እንደሚያጽናናዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ቫዮሊኑ በመልካም ቦታ ተቀምጧል፤ አያስቡ። ጉልበትዎን ብርድ እንዳያገኘው።

አክባሪዎ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ለልጄ ባለቤት፣

ጤና ይስጥህ፤ ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ። «አንተ ይበሉኝ» ካልክ እሺ። ደብዳቤ ላይ ሆኖ ነው እንጂ ፊት ለፊት ብንሆን ምላሴ እሺ አይለኝም ነበር።

መጽሐፉ ደርሶኛል። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ከመደርደሪያው ስታወርደው ወገቧን ይዛ «እማማ፣ ድንጋይ ነው እንዴ ያዘዙት?» አለችኝ። «ልጄ ናት» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም፤ ግን እስከ በሩ ተሸክማ ሸኘችኝ።

ጠረጴዛውን አጥቤ፣ እጄን አጥቤ ከፈትኩት። በቀን ሦስት ሦስት ገጽ ነው የማየው፤ ከዚያ በላይ አልችልም። ውብ ነው ልጄ፤ ሐሰት አልናገርም። ጆሮዋ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንኳ አልተውካትም። አምስት ዓመቷ ላይ መቀሴ ላይ ወድቃ ነው።

ከግድግዳዬ ወዲያ ያለው ጫማ ሰፊም መጥቶ አየ። «ይቺ ናት ያቺ ያሳበደችኝ?» ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ መምህሯ መጣ። ሰማንያ ዓመት ሞልቶታል፤ ማጉያ መነጽሩን ይዞ እንደ ሰዓት ሠሪ አቀርቅሮ ገጽ በገጽ አየው። መጀመሪያ «ሠዓሊ ጆሮ የለውም» እያለ ያጉረመርም ነበር። ኋላ «ጣቶቿ ትክክል ናቸው። አውራ ጣቷ ትክክል ነው። ይህ ሰውዬ አይዋሽም» አለ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰና «ደጋኑን አየሽው?» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ክሩን የነካበት አንድም ሥዕል የለም። ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። በአርባ አንዱም ሥዕል ደጋኗ አየር ላይ ነው። በአንዱም ላይ አትጫወትም። መጽሐፉ ላይ የጻፉት ሰዎች «ዝምታ» የሚል ቃል ደጋግመው ጽፈዋል፤ እንደ ትልቅ ነገር።

እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ሥዕል አላውቅም። ልጄን ግን አውቃታለሁ። በተጋባችሁ በሦስተኛው ዓመት «ኦርኬስትራውን ትቼ ቤት ነኝ» ብላ የጻፈችልኝ ደብዳቤ አለኝ። ምክንያቱን አልጻፈችም። እኔም አልጠየቅኩም። ዛሬ ግን አንተን እጠይቅሃለሁ፤ ልጄን ዝም አሰኝተሃታል ወይ? ፊቷን የማያውቅ የለም ትለኛለህ። እኔ ግን ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ እዚህች ክፍል ውስጥ ያሳደግኩት ፊቷን አይደለም፤ ሙዚቃዋን ነው። የሁላችንም ፊት ያረጃል።

ቫዮሊኑ «በመልካም ቦታ» ያልከው የት ነው? መምህሩ እንደሚለው ሳይጫወቱበት የተቀመጠ እንጨት ይደነቁራል።

ቃሌ ከበደብህ ከሆነ ይቅር በለኝ። ደልዤ ልጽፈው ነበር፤ ወረቀት አለቀብኝ።

የክርዬ እናት


የካቲት 11 ቀን

ለልጄ ባለቤት፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዬ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆን ብዬ ነበር፤ ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ግን ፈርመህ እንደተቀበልክ ነገረችኝ።

ቫዮሊኑን ትቼዋለሁ። አንተ ጋ ይሁን። መምህሩም «ለባሏ ይገባዋል» ብሎኛል።

አሁን የምለምንህ ከቫዮሊን ያነሰ ነው። እስከ መጨረሻው ተጫውታለች ወይ? «አዎ» ወይም «የለም» ብለህ ጻፍልኝ። ሌላ መጻፍ አይጠበቅብህም። «የለም» ብትለኝም አልረግምህም፤ እንዳውቀው ብቻ ነው።

የስፌት መኪናዬን ከግንቦት ጀምሮ አልረገጥኩትም። አንሶላ አልብሼዋለሁ። ለተማሪዎቹ የቆረጥኩት ሰማያዊ ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ እንደተጣጠፈ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ሲጠፋ ጫማ ሰፊው ግድግዳውን መታ መታ ያደርጋል፤ መኖሬን ለማወቅ። እኔም መልሼ እመታለሁ። እንዲህ ነው የምንኖረው።

አንድ ቃል ብቻ።

የክርዬ እናት


መጋቢት 6 ቀን

እናቴ፣

አዎ።

እስከ መጨረሻው ተጫውታለች። ይህን ከሁለት ወር በፊት መላክ እችል ነበር። ደብዳቤዎ ኪሴ ውስጥ ነበር። አወጣዋለሁ፣ አነበዋለሁ፣ «ዝም አሰኝተሃታል ወይ» የሚለው ጋ ስደርስ መልሼ አጥፈዋለሁ። ተቆጥቼ አይደለም። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው።

ያንን ግማሽ ልንገርዎት። ስንጋባ እሷ ኦርኬስትራው ውስጥ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ እኔን ደግሞ ማንም አያውቀኝም። ቀለም የምትገዛልኝ እሷ ነበረች። ከዚያ እሷን የሣልኩበት አንድ ሥዕል ተወደደ። ፖስታ ካርድ ላይ ወጣ፣ ካላንደር ላይ ወጣ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተለጠፈ። አንድ ምሽት መድረክ ላይ ስትወጣ አዳራሹ «ያቺ ናት፣ ያቺ ናት» እያለ ተንሾካሾከ። ሁለት ሰዓት ተጫውታ ስትወጣ አንዲት ሴትዮ በር ላይ አስቆመቻትና «እንዴት የሚያምር ሥዕል ነው!» አለቻት። በሳምንቱ ኦርኬስትራውን ተወች። «ሥዕልህ እየቀደመኝ በር ይገባል» አለችኝ። ስቃ ነው ያለችው። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቅ ነው።

ሌላው ግማሽ ይኸው። ከሥዕል ክፍሌ ጀርባ ባለችው ክፍል ታስተምር ነበር፤ ሰባት ተማሪዎች ነበሯት። ጠዋት ጠዋት ግን እኔ ጋ መጥታ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ለራሷ ትጫወታለች፤ እኔም እሥላለሁ። ለሥዕል ብላ አንድ ቀን ዝም ብላ ቆማልኝ አታውቅም። «የማይነቃነቅ ከፈለግክ ጠርሙስ ሣል» ትለኝ ነበር። የሚሮጥ እጅ ደግሞ አይሣልም፤ ሳላየው ያልፋል። የጠቀመኝ አንድ ልማዷ ነው። ኖታው ላይ ሳይኖር፣ ዜማው መሐል፣ ደጋኗን ብድግ ታደርግና ትቆማለች። ሁለት ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች። በየዜማው ሦስት አራት ጊዜ ይሆናል። እኔ እርሳሴን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ስትቆም እሥላለሁ፤ ስትቀጥል እጠብቃለሁ። አርባ አንዱም ሥዕል እንዲህ ነው የተሠራው። እነዚያ ጸሐፊዎች ዝምታ አሉት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ክፍሉ በሙዚቃ ተሞልቶ እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አልነገርኳቸውም።

ለምን እንደምትቆም አንድ ቀን ጠየቅኳት። ዓይኗን ሳትገልጥ «ቆይ፣ እናቴ ጨርቁን እያዞረች ነው» አለችኝ። የእናንተ ሰፈር አባባል መሰለኝ። «ምን ማለት ነው?» ስላት «እማን ጠይቃት» ብላ ሳቀች። አልጠየቅኩዎትም። አሁን ልጠይቅዎት፤ ምን ማለት ነው?

የቀረውንም ልናገር። በመጨረሻው ሳምንት መቆም አልቻለችም፤ ትራስ ደግፌላት ተቀምጣ ተጫወተች። ሕመሙ የደረት ነበር፤ ሰባት ወር ቆየባት። እንዳልነግርዎት አስማለችኝ። «እማ ከሰማች መርፌ ይዛ ታለቅሳለች፤ ጣቷን ትወጋለች» አለች። የመጨረሻው ደብዳቤዋ፣ ያ «በጣም ደህና ነኝ፣ ትንሽ ወፍሬያለሁ» የሚለው፣ በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። እሷ ተናገረች፤ እኔ ጽሕፈቷን አስመስዬ ጻፍኩ። ማስመሰል ሙያዬ ነው።

«እሠራለሁ» ብዬ የጻፍኩልዎትም ውሸት ነው። ከግንቦት ጀምሮ አንድ መስመር አላሰመርኩም። ቫዮሊኑንም ማየት ስላልቻልኩ ለሥዕል አዳራሹ ሰጠሁት። መስታወት ሳጥን ውስጥ አስገብተው ከሥዕሎቹ መሐል ሊያቆሙት ነው። መልካም ቦታ ያልኩት ያ ነው።

ይቅር ባይሉኝም ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


መጋቢት 29 ቀን

ለልጄ፣

ጤና ይስጥህ። ዕድሜ ይስጥህ። እንቅልፍም ይስጥህ፤ እንደማትተኛ ከጽሕፈትህ ያስታውቃል።

«አዎ» የምትለዋን አንብቤ ወረቀቱን አስቀመጥኩና ውኃ ጠጣሁ። ጥቂት ቆይቼ የቀረውን አነበብኩ። ከዚያ ጨርቁ ጋ ደረስኩ።

አባባል አይደለም ልጄ። ጨርቅ ነው።

አንተ ስትመጣ ያየሃት ይህች ክፍል ያኔም አንድ ክፍል ነበረች። መኪናዬ መስኮቱ ሥር፣ የእሷ አልጋ ከግድግዳው ጥግ። ስምንት ዓመቷ ላይ መምህሩ ትንሽ ቫዮሊን አዋሳትና ቤት ይዛ መለማመድ ጀመረች። ከግድግዳው ወዲያ ጫማ ሰፊው ነው። ያኔ ጎልማሳ ነበር፤ ተንኮለኛም ነበር። ስትሳሳት በመዶሻው ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጎ «ተሳሳትሽ!» ብሎ ይጮኻል። ስለ ሙዚቃ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግን ሁልጊዜ ይገጥምለታል። እሷ በኀፍረት ትሞታለች። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። እኔ መኪናዬን ስረግጥ ጫጫታው ስለሚሸፍናት ትጫወታለች፤ እኔ ስቆም ትቆማለች።

ኮሌታ የሰፋ ሰው ያውቀዋል፤ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ መቆም ግድ ነው። መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ትተህ፣ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር አንሥተህ፣ ጨርቁን ታዞራለህ፤ ከዚያ እግሩን አውርደህ ትቀጥላለህ። ሁለት ትንፋሽ ነው። ያን ጊዜ እሷ ደጋኗን አየር ላይ አንጠልጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና «እማ፣ ርገጪው!» ትለኛለች። እኔም «ቆይ፣ ጨርቁን እያዞርኩ ነው» እላታለሁ። በቀን ሃያ ሠላሳ ኮሌታ እሰፋ ነበር። ስንት ጊዜ እንዳልኳት አስበው።

መምህሩ ያበሳጨው ነበር። «እዚህ ጋ ምን አቆመሽ? ማን ቁሚ አለሽ?» ይላታል። እሱ ቤት ትታረማለች፤ እዚህ ስትመጣ ይመለስባታል። እኔም የመኪናዬ ጫጫታ ሙዚቃዋን አበላሸባት ብዬ ስንት ዘመን አዘንኩ መሰለህ። ከዚህ ስትሄድ፣ እዚያ ትልቅ ትምህርት ቤት ገብታ ትተወዋለች ብዬ ነበር። ለካ ይዛው ሄዳለች።

ደብዳቤህን ለመምህሩ አነበብኩለት። ማጉያውን አወጣና መጽሐፉን እንደገና ከመጀመሪያ ገጽ ጀመረ። ጨርሶ ሲነሣ «እኔ ነኝ ጆሮ ያልነበረኝ» አለ።

እኔም መጽሐፉን እንደ አዲስ ነው የማየው። አሁን አርባ አንዱንም ሥዕል በአንድ ቀን ማየት እችላለሁ። ሥዕሉ ውስጥ የለሁም፤ ግን እየጠበቀች ያለችው እኔን ነው።

አሁን እኔም የምናዘዘው አለኝ። ያ የመጨረሻ ደብዳቤ በእጅህ እንደተጻፈ አውቅ ነበር። ሰፊ ነኝ ልጄ፤ የሌላ ሰው ስፌት አይጠፋኝም። ፊደሉ የእሷ ነበር፤ ግን የእሷ መስመር ወደ ታች ይወርዳል፣ ያንተ ቀጥ ያለ ነው። ከእሷ ይልቅ አሳምረህ ጻፍክ። ባየሁት ጊዜ ከድሮ ደብዳቤዋ ጋር አስተያየሁት። ልጄ እስክሪብቶ መያዝ አቅቷታል ማለት ነው አልኩ። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። መምጣትም ነበረብኝ፤ ጉልበቴ ያኔ ደህና ነበር። እኔ ግን መልሱን ፈራሁ። «መወፈርሽ ደስ ብሎኛል» ብዬ ጻፍኩላት። አንብበህላት ይሆናል። እሷ እኔን አታለልኩ ብላ፣ እኔም እንደተታለልኩ ሆኜ ተለያየን። አንተ ይቅር ይበሉኝ ትለኛለህ፤ እኔ ደግሞ ማንን ልበል? እንግዲህ እርስ በርሳችን እንባባል።

የቫዮሊኑን ነገር እንደ ልብህ አድርግ። ብቻ መስታወት ውስጥ አይደንቁር።

አንድ ነገር ግን እጠይቅሃለሁ፤ ይህን እንቢ አትለኝም። ልክህን ላክልኝ፤ የአንገትህን፣ የትከሻህን፣ የደረትህን፣ የክንድህን። ያ ክርኑ የተቀደደ ካፖርት ዛሬም እንዳለ አውቃለሁ። ክርዬ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ አትችልም ነበር፤ በዚህ በኩል አንጀትህ እንደማይርስ ድሮም አውቄዋለሁ።

የክርዬ እናት


ሚያዝያ 21 ቀን

እናቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም።

ጽሑፍዎን ይዤ ወደ ሥዕል አዳራሹ ሄድኩ። ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ኃላፊው ቫዮሊኑን ልወስድ እንደመጣሁ ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ እንደማልቀልድ ገባው። «ፈርመሃል እኮ!» አለኝ። «አዎ፣ ፈርሜያለሁ» አልኩት። «ታዲያ ባዶ ሳጥን ነው የምናቆመው?» «ሳጥኑንም አውጡት።» «በምትኩ ለሰው ምን እናሳያለን?» ሲለኝ «ወንበር አስቀምጡ፤ ሰው ሲደክመው ይቀመጣል» አልኩት። አብዷል ብለው ተዉኝ። ወንበሩን ግን አስቀምጠዋል።

ቫዮሊኑን የኦርኬስትራ ጓደኛዋ የነበረች ሴት ወደዚያ ስለምትመጣ በእጇ ይዛልዎት ትመጣለች። ከእሱ ጋር አንድ ካሴት አለ። ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቿ ብላ ጠዋት ላይ የቀዳችው ነው። ሲጀምር «መስኮቱን ዝጋው፣ ወፏ ከእኔ ትበልጣለች» የምትለው እኔን ነው። ልዘጋ ስነሣም ወንበር ስገለብጥ ይሰማል። እስካሁን መስማት አልቻልኩም ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰማሁት። አራት ጊዜ ትቆማለች። በየመቆሚያዋ እጄ እርሳስ ፈለገ። በአራተኛው ላይ ያዝኩ። የመስኮቱን ፍሬም ብቻ ነው የሣልኩት፤ ግን ሣልኩ።

ልኬን በተመለከተ፣ ሜትር ቤቴ ውስጥ የለም። አንዲት ተማሪዋ ሲባጎ ይዛ ለካችኝና በየቦታው ቋጠረችው። ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ አንደኛው ቋጠሮ አንገቴ ነው፤ እስከ ሁለተኛው ትከሻዬ፤ እስከ ሦስተኛው ክንዴ፤ እስከ መጨረሻው ደረቴ። አራተኛው ቋጠሮ ተማሪዋ ስትስቅ የተቋጠረ ስለሆነ አይመኑት።

ልጅዎ


ሰኔ 12 ቀን

ለልጄ፣

እንዴት ነህ? ሰው ስለሚለው አይደለም፤ ደህና ነኝ።

እንግዳዋ መጥታ ነበር። ዕቃውን እንደ ሕፃን አቅፋ ገባች። መምህሩ ሳጥኑን ከፍቶ ሽታውን አሸተተ። ክሮቹን አጠባበቀ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ዜማ አልሞከረም። አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ አወጣ። «አልደነቆረም» አለኝ። አሁን በየማክሰኞው እየመጣ ከተማሪዎቹ አንዷን ያጫውትበታል፤ እዚሁ መስኮቴ ሥር። አደራህን እንዲህ ነው የማኖረው።

ካሴቱን የማጫውትበት ስላልነበረኝ ጫማ ሰፊው የራሱን አመጣልኝ። አስተካክሎ አስቀመጠና ወደ በሩ ሄደ። «አብረኸኝ አትሰማም?» ስለው «እኔ ካለሁ ልጅቷ አትጫወትም» ብሎ ወጣ። ከግድግዳው ወዲያ መዶሻውን ሲያስቀምጥ ሰማሁት።

«መስኮቱን ዝጋው» ስትል መስኮቴን ዞሬ አየሁ። ከዚያ ጀመረች። ድምፅዋ ከዚህ ከሄደች ወዲህ ወፍሯል፤ አድጋለች። ትንሽ ሄደችና ቆመች። ሁለት ትንፋሽ። እጄ ጭኔ ላይ ባዶውን ነበር። የሚዞር ጨርቅ ሳይኖር እሷ እየጠበቀችኝ ነው። አላስቻለኝም።

ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ከመኪናዬ ላይ አንሶላውን አነሣሁ፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ ዘይት አጠጣሁት። ከቅርጫት ያንን ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ አወጣሁ። ሲባጎህን ዘርግቼ ቆረጥኩ፤ አራተኛውን ቋጠሮ አላመንኩትም። የቀረውን ሁሉ ሰፍቼ ኮሌታውን ለመጨረሻ አቆየሁት። ከዚያ ካሴቱን አስጀምሬ መርገጥ ጀመርኩ።

ትዝ አለው እግሬ። በእሷ ፍጥነት ሄድን። የመጀመሪያው ማዕዘን ጋ ስደርስ እሷም ቆመች፤ እግሩን አነሣሁ፣ ጨርቁን አዞርኩ፣ እኩል ቀጠልን። ሳላውቀው «ቆይ» ብያት ነበር ጮክ ብዬ። ሁለተኛውም እኩል ሆነ። ሦስተኛው ላይ ግን ዓይኔ ደፈረሰና መርፌው ጠፋኝ። ጨርቁን አዙሬ ሳልጨርስ እሷ ጀመረች። ካሴት አይጠብቅም ልጄ። ጥላኝ ሄደች፤ እኔ ከኋላ እየረገጥኩ ቀረሁ፤ አልደረስኩባትም።

ካሴቱ ሲያልቅ ከግድግዳው ወዲያ ጫማ ሰፊው «አንድም ቦታ አልተሳሳተችም!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ልክ አልነበረም። እኔም ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታሁለት።

ካፖርትህ ከዚህ ጋር ነው። ተማሪ ያስመስልሃል፤ ምን ይደረግ፣ ጨርቁ የተማሪ ነው። ክርኑን ደርቤ ሰፍቼዋለሁ። ኪሶቹ ለእርሳስ ጠልቀው ይገባሉ። ደግሞ አደራህን፣ ከመቀመጥህ በፊት የምትቀመጥበትን እይ፤ ተተኩሷል።

ኮሌታውን በጣትህ ብትዳስሰው በግራ በኩል አንዱ ማዕዘን ትንሽ ጠማማ ነው። መምህሩ እንኳ ያለ ማጉያ አየው። ፈትቼ ላቀናው መቀስ አንሥቼ ነበር። ተውኩት። እዚያ ጋ ነው የቀደመችኝ።

እናትህ